ያዘነበለ ጥድ ቁመት በትክክል የተለካበት መንገድ

ኮምቦልቻ አጠገብ በሚገኘው የጎፍ ደን ትልልቅ ዛፎችን ስመዘግብ፣ የአንዱ ጥድ ቁመት ከዳገቱ በኩል 33 ሜትር፣ ከቁልቁለቱ በኩል ደግሞ 22 ሜትር እየሆነ ሦስት ቀን አስቸገረኝ። እስከ ግንዱ ያለውን 25 ሜትር አግድም ርቀት ደግሜ ለካሁ፤ የከፍታ ማዕዘን የሚለካውን መሣሪያ፣ ክሊኖሜትሩንም ቀየርሁ፤ ልዩነቱ ግን አልጠበበም።

ስህተቱ የነበረው ስሌቱ ላይ ነው። አግድም ርቀትን ጫፉ በሚታይበት ማዕዘን ታንጀንት ማባዛት የሚሠራው የዛፉ ጫፍ ከግንዱ ሥር በላይ ቀጥ ብሎ ሲገኝ ብቻ ሲሆን፣ ይህ ጥድ ግን ወደ ዳገቱ 5 ሜትር ያህል አዘንብሏል። ስለዚህ የሌዘር ርቀት መለኪያ ተውሼ፣ ከዳገቱ በኩል ቆሜ በቅርንጫፎች መካከል ጫፉን ራሱን አነጣጠርሁ፤ እስከ ጫፉ ያለው 31 ሜትር በማዕዘኑ፣ በ50 ዲግሪ ሳይን ሲባዛ ከዓይኔ በላይ 23.7 ሜትር ሰጠኝ። ከዓይኔ በታች እስከ ግንዱ ሥር ያለው 3.1 ሜትር ስለነበር ድምሩ 26.8 ሜትር ሆነ። ከቁልቁለቱ በኩል ስደግመው የግንዱ ሥር ከዓይኔ በላይ በመሆኑ ቀነስሁት እንጂ አልደመርሁትም፤ ውጤቱም ከመጀመሪያው ጋር ገጠመ።

የግንዱን ዙሪያ የለካሁት በዳገቱ በኩል ካለው አፈር 1.3 ሜትር ከፍ ብዬ ነው። የጥድ ልጥ በቁመቱ እየተሰነጠቀ ስለሚንጠለጠል፣ ከመለኪያ ሜትሩ ሥር እንዳይገባ በእጅ ገለል ማድረግ ይገባል፤ መላጥ ግን ፈጽሞ አይገባም።