ቆሞ ያደረ መኪና ባትሪ ሲጨርስ፦ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ

ማታ ደህና የገባ መኪና ጠዋት ቁልፍ ሲዞርለት "ጠቅ ጠቅ" ብሎ ዝም ካለ፣ ጅማ ውስጥ መጀመሪያ የምትሰሙት ምክር "ባትሪው አልቋል፣ ቀይረው" የሚል ነው። ሊሆን ይችላል። ግን ሌሊቱን ሙሉ ኤሌክትሪክ የሚስብበት ነገር ካለ አዲሱም ባትሪ ብዙ ሳይቆይ እዚያው ይደርሳል፣ ብሩም ባክኖ ይቀራል። ስለዚህ ቴስተር፣ ማለትም የቮልትና የአምፔር መለኪያ፣ ግዙ ወይም ተዋሱ። ከባትሪ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

መጀመሪያ ባትሪውን ለብቻው ፈትኑት። ሙሉ ቻርጅ አስደርጉት፣ የኔጌቲቩን (የ− ምልክት ያለበትን) ገመድ ፍቱና አሳድሩት። ጠዋት በዲሲ ቮልት ለኩ። 12.6 አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው። 12.2 ግማሽ ነው፣ ከ12 በታች ከሆነ ደግሞ ባዶ ሊባል ይችላል። ከመኪናው ተለይቶ አድሮም ከወረደ ችግሩ የራሱ ነው፣ ቀይሩት። ተፈትቶ ሲያድር ደህና ሆኖ ተያይዞ ሲያድር የሚሞት ከሆነ ግን መኪናው ውስጥ የሚስብ ነገር አለ ማለት ነው።

ሞተሩ ሲሰራ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞም እግረ መንገዳችሁን እዩት። ሞተሩ እየሰራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መታየት አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ባትሪው እየፈሰሰ ሳይሆን መጀመሪያውንም እየሞላ አይደለም። ከመርካቶ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ብቻ የሚመላለስ መኪናም ለማስነሳት ያወጣውን ሳይመልስ ይጠፋል፣ እሱንም አትርሱ።

የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፣ ጭቃውና እርጥበቱ ኮፈን ስር ይገባል። የባትሪው ራስ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁ ቤኪንግ ሶዳ በሙቅ ውሃ በጥብጣችሁ በብሩሽ እጠቡት፣ ወደ ውስጥ ግን እንዳይገባ ክዳኖቹን አጥብቁ። አንድ ነገር ሞክሩ፦ የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ኔጌቲቩ ላይ፣ ቀዩን ደግሞ የባትሪው ፕላስቲክ ክዳን ላይ አስነኩት። ቮልት ካሳየ ቆሻሻው ራሱ ኤሌክትሪክ እያስተላለፈ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ነቅላችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። የቴስተሩን ቀይ ገመድ 10 አምፔር ወደሚለው ቀዳዳ ቀይሩ፣ መደወያውንም ዲሲ አምፔር ላይ አድርጉ። የኔጌቲቩን ገመድ ከባትሪው ፍቱ። ቀዩን ጫፍ በተፈታው ገመድ ላይ፣ ጥቁሩን በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ያዙ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በቴስተሩ ውስጥ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ በጭራሽ ቁልፍ እንዳታዞሩ፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ የሚስበው ኃይል የቴስተሩን ፊውዝ ያቃጥላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ገመዱን እንደነካችሁ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ምክንያቱም መኪናው ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ገና ነቅተዋል። ጠብቁ። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዱ መኪና እስከ አንድ ሰዓት ይፈልጋል፣ ከዚያ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። የፊውዝ ሳጥኑ ያለው መኪናው ውስጥ ከሆነና በሩን መክፈት ካለባችሁ የበሩን መቆለፊያ በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ገፍታችሁ ዝጉት፣ መኪናው በሩ የተዘጋ ይመስለዋል። ስትጨርሱ በሩን ሳትገጥሙ በፊት እጀታውን ስባችሁ መልሱት።

ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ከሆነ ጤነኛ ነው። ግማሽ አምፔር ካሳየ ግን በቀን 12 አምፔር ሰዓት ይበላል፣ ባለ 45 አምፔር ሰዓት ባትሪ በሁለት ቀን ከግማሽ በታች ይወርዳል። ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ቁጥሩን ተመልከቱ። የቱ ሲነቀል ነው ቁጥሩ ቁልቁል የሚወርደው? በዚያ ፊውዝ የሚሄዱትን ነገሮች ከክዳኑ ጽሑፍ ላይ አንብቡና ፈልጉ።

በእኔ አመለካከት መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ከፋብሪካ ያልመጣ፣ በኋላ የተገጠመ ነገር ነው። አላርም፣ ጂፒኤስ፣ ከሁሉም በላይ ቴፕ። ቴፑ ቢጫና ቀይ ገመድ አለው። ቢጫው ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ የሚያገኝ የሰዓትና የማስታወሻ መስመር ነው፣ ቀዩ ግን ቁልፍ ሲዞር ብቻ ማግኘት አለበት። አንዳንድ ገጣሚ ሁለቱን አንድ ላይ ይቋጥራቸዋል፣ ቴፑም ያለ ቁልፍ ይሰራል፣ ሌሊቱንም ሙሉ ይበላል። ቀዩን ለይቶ ከቁልፍ መስመር ጋር ማገናኘት ብቻ ነው መፍትሔው። የኋላው እቃ መጫኛ መብራትም ሳይጠፋ ያድራል፤ ስልካችሁን ቪዲዮ እየቀረጸ ውስጥ አስቀምጡና ዝጉት፣ ያሳያችኋል። የተጣበቀ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሰራ ማብሪያ ማጥፊያ) ከሆነ ቀይሩት፣ ርካሽ ነው።

ሁሉም ፊውዝ ተነቅሎ ቁጥሩ ካልወረደስ? በቀጥታ ከባትሪው የተሳበ ገመድ ፈልጉ፣ ከዚያ ዲናሞውን። ውስጡ ያሉት ዳዮዶች፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት፣ ሲበላሹ ኤሌክትሪኩ ወደ ኋላ ይፈሳል። ባትሪውን ፈትታችሁ የዲናሞውን ወፍራም ገመድ ንቀሉ፣ ጫፉን በፕላስተር ጠቅልሉና እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከጠፋ ዲናሞውን አውርዳችሁ ወደ ኤሌክትሪሺያን ውሰዱት፣ ያያችሁትንም ቁጥር ንገሩት፤ በግምት ከመፈታታት ያድነዋል።

ችግሩ ከተገኘ በኋላ ባትሪውን በቻርጀር ቀስ ብላችሁ ሙሉት። ባዶ ሆኖ ሳምንታት የቆየ ባትሪ ውስጡ ባሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ጠንካራ የሰልፌት ቅርፊት ይጋገርበታል፣ ሙሉ አቅሙም አይመለስም። ቡና እስኪደርስ ግቢ ውስጥ የሚቆም ፒክአፕ ካላችሁ ደግሞ ጤነኛም ቢሆን በወር ግማሹን ሊጨርስ ስለሚችል ኔጌቲቩን ፈትታችሁ አስቀምጡት። ሰዓቱና የሬዲዮ ጣቢያዎቹ ይጠፋሉ፣ አንዳንድ ቴፕም ኮድ ስለሚጠይቅ ኮዱን አስቀድማችሁ ያዙት።