ከሩዝና ከብቅል ካፌይን የሌለው የስፖርት መጠጥ እንዴት ይሰራል?

ካፌይን ራሱ ጉልበት አይሰጥም። የሚያደርገው ድካም እንዳይሰማን ማፈን ነው። በጠንካራ ልምምድ ጊዜ ጡንቻ በዋናነት የሚያቃጥለው ካርቦሃይድሬትን ነው፤ እሱ ደግሞ እህል ውስጥ ሞልቷል።

ካፌይን ስፖርተኛን አይረዳም ማለቴ አይደለም፣ ይረዳል። ግን የጠጣነው ካፌይን ደም ውስጥ በግማሽ እስኪቀንስ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። አመሻሽ ላይ ልምምድ የሚሰራ ሰው ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። ሰውነት የሚያገግመው ደግሞ በእንቅልፍ ነው። ሆዳቸውን የሚያውካቸው፣ ልባቸውን የሚያስመታቸውም አሉ። ለእነዚህ ሁሉ የእህል መጠጥ ጥሩ አማራጭ ነው።

አንድ ችግር ብቻ አለው፤ ይወፍራል። በቂ ካርቦሃይድሬት እንዲኖረው ዱቄቱን ስትጨምሩ እየሮጡ የማይጠጣ ነገር ይሆናል። ስታቀጥኑት ደግሞ ከውሃ ብዙም አይለይም። መላው ብቅል ነው።

እህል ሲበቅል አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ያመነጫል። ስታርች ረጅም የግሉኮስ ሰንሰለት ነው፤ ሲበስል ውሃ ይዞ ያብጣል፣ ለዚህ ነው የሚወፍረው። አሚሌዝ ሰንሰለቱን እየቆራረጠ በአብዛኛው ማልቶስ ወደሚባል ስኳር ይለውጠዋል። መጠጡ ይቀጥናል፣ ካርቦሃይድሬቱ ግን ባለበት ነው።

ለአንድ ሊትር የሚያስፈልገው
70 ግራም የነጭ ሩዝ ዱቄት፣ 10 ግራም የገብስ ብቅል ዱቄት፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ትንሽ የሎሚ ጭማቂ፣ ከአንድ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ውሃ። ሩዝ የመረጥኩት አሰሩ አነስተኛ ስለሆነ ነው። በዚህ መጠን ሊትሩ ውስጥ 60 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ይኖራል። በሊትር ከ60 እስከ 80 ግራም ያለው መጠጥ በልምምድ ላይ ለጨጓራ ይስማማል፤ ከዚያ ሲያልፍ ሆድ ላይ ይከብዳል።

ብቅሉ ያልተቆላ ይሁን። ቁላት ኢንዛይሙን ይገድለዋል፣ ጥቁር ብቅል ለዚህ ስራ አይሆንም። ራሳችሁ ልታዘጋጁ ከፈለጋችሁ ገብሱን ውሃውን እየቀየራችሁ አንድ ቀን ዘፍዝፉት፤ ከዚያ እርጥበቱን እየጠበቃችሁ ለሦስት ወይም ለአራት ቀን አብቅሉት። አድርቁት፣ ሥሩን አሽታችሁ አራግፉት፣ ፍጩት። ሻጋታ ከታየበት ሁሉንም ጣሉት።

አሰራሩ
1. የሩዙን ዱቄት በ150 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት። በቀጥታ የፈላ ውሃ ላይ ከተጨመረ ይጓጉላል።

2. 550 ሚሊ ሊትር ውሃ አፍሉና ብጥብጡን ጨምሩበት። ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ 10 ደቂቃ አብስሉት። በደንብ ይወፍራል፣ አትደንግጡ።

3. ከእሳት አውርዱት። ብቅሉን በ350 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡና ድስቱ ውስጥ ገልብጡት። ቀዝቃዛው ውሃ ሙቀቱን ወደ 65 ዲግሪ አካባቢ ያወርደዋል፤ አሚሌዝ እዚህ ላይ ነው ጥሩ የሚሰራው። የፈላው ላይ ብቅል ከጨመራችሁ ኢንዛይሙ ወዲያው ይሞታል።

4. ክደኑትና 30 ደቂቃ ተዉት፣ አልፎ አልፎ አማስሉት። ይህን ደረጃ ቆማችሁ ብታዩት ደስ ይላል። መጀመሪያ ማንኪያ ሲነሳ እየከበደ፣ እየተንጠባጠበ ነው የሚወርደው። ጥቂት ቆይቶ እንደ ወተት ይፈሳል። ቅመሱት፣ ስኳር ሳትጨምሩበት ጣፍጧል።

5. መልሳችሁ ለ5 ደቂቃ አፍሉት። ጥሬ የብቅል ዱቄት ጀርም ሊኖረው ስለሚችል ይህን አትዝለሉ። ከዚያ በንጹህ ጨርቅ አጥልሉት፣ ጨውና ሎሚ ጨምሩበት፣ አቀዝቅዙት። ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው 600 ሚሊ ግራም ገደማ ሶዲየም አለው፤ በላብ የሚወጣውን በከፊል ይተካል።

መቼና ስንት ይጠጣ?
ልምምዱ ከአንድ ሰዓት ካነሰ ለአብዛኛው ሰው ውሃ ይበቃል። ከዚያ ለሚረዝም ሩጫ፣ ብስክሌት ወይም ኳስ የተለመደው መጠን በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው። ስለዚህ በሰዓት ግማሽ ሊትር ጥሩ መነሻ ነው፤ በየ15 እና 20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት እየተጎነጩ። መጀመሪያ በልምምድ ቀን ሞክሩት እንጂ ውድድር ላይ አትጀምሩት፣ ሆድም ይለማመዳል። ካፌይን የሚሰጠውን ንቃት አትጠብቁ። ለውጡ የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው፣ እግር ቶሎ አይዝልም።

የአጃ መጠጥስ? በጣም እወደዋለሁ፣ ግን ቦታው ከልምምድ በፊት ነው። ቤታ ግሉካን የሚባለው አሰሩ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ ያደርገዋል። 50 ግራም አጃ አብስላችሁ አቅጥኑና ልምምዱ ሊጀመር 2 ሰዓት ሲቀረው ጠጡት። ከልምምድ በኋላ ደግሞ ያው የሩዝ መጠጥ በወተት ቢሰራ ፕሮቲንም ይገኝበታል። በዚያው ቀን ሌላ ልምምድ ከሌላችሁ ግን ደህና ምሳ ወይም እራት ከበላችሁ ይበቃችኋል።

ፍሪጅ ውስጥ ቢበዛ አንድ ቀን አስቀምጡት። ሙቀት ውስጥ ከቆየ መፍላት ይጀምራልና ከኮመጠጠ አትጠጡት። የገብስ ብቅል ግሉተን አለው፤ ግሉተን የማይስማማው ሰው በዳጉሳ ብቅል ሊሰራው ይችላል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ማልቶስ የደም ስኳርን በፍጥነት ስለሚያንር ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።