ለስፖርት መኪናችሁ የአየር ፊልትሮ ስትመርጡ፦ ድሬ ላይ የሚያዋጣውና የማያዋጣው

ቶዮታ ሴሊካዬ ኮፈን ስር አንድ ቀይ፣ እንደ እንጉዳይ የተነፋ ፊልትሮ ነበር። ከድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ዛፎች ስር ቀስ ብዬ ሳልፍ ነዳጅ ረገጥ ሳደርግ የሚያወጣው የመሳብ ድምፅ... አቦ፣ ደስ ሲል! ስምንት ወር ሳይሞላ ሞተሩ ዘይት መብላት ጀመረ።

ፊልትሮ አትቀይሩ ለማለት አይደለም። አሁንም መኪናዬ ላይ ያለው አብሮት የመጣው አይደለም። ግን አመራረጡን የተማርኩት ሞተር አውርጄ ነው። እናንተ በነፃ ውሰዱት። በተለይ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ፣ ያላችሁን ሞተር እንደ ዓይናችሁ ብሌን ብትጠብቁት ይሻላል።

1. ምን ፈልጋችሁ ነው?

ጉልበት ከሆነ ቁርጡን ልንገራችሁ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በግምት 13 በመቶ ይሳሳል። የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ሐረር ስትደርሱ ልዩነቱ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። አየር አምቆ የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው መጠን ይደክማል። የሳሳውን አየር የሚመልስ ፊልትሮ የለም። ጤነኛና ያልተነካካ ሞተር ላይ ጥሩ ፊልትሮ ቢጨምር ቢጨምር ሁለት ሦስት የፈረስ ጉልበት ነው። አሮጌው ተደፍኖ ከነበረ ደግሞ አዲስ የወረቀት ፊልትሮም ያንኑ ለውጥ ያመጣል።

ድምፁን ፈልጋችሁ ከሆነ ችግር የለውም፣ ለራሳችሁ እመኑ። እኔ ለጓደኞቼ «ጉልበት ጨመረ» እያልኩ ስምልላቸው ነበር። የገዛሁት ድምፅ ነው።

2. አየሩ ከየት ይሳባል?

ገበያ ላይ የሚገኙት በሦስት ይከፈላሉ። ኦርጅናሉ ሳጥን ውስጥ የሚገባ ጠፍጣፋ ፊልትሮ፣ ሳጥኑን አስወጥቶ ኮፈን ስር በአጭር ቧንቧ የሚገጠም እንጉዳይ፣ እና ረጅም ቧንቧ ይዞ ወደ ፓራውልት ዝቅ ብሎ የሚገባ።

እንጉዳዩ የሚስበው የሞተሩን ትኩስ አየር ነው። አየር በሦስት ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር አንድ በመቶ ያህል ይሳሳል። ግንቦት ላይ ውጭው 36 ሲሆን፣ ባጃጅ መሀል ተቀርቅራችሁ ኮፈን ስር በቀላሉ 60 ይገባል። አስሉት፤ ስምንት በመቶ ሄደ። ገንዘብ ከፍላችሁ ጉልበት ቀነሳችሁ ማለት ነው።

ረጅሙ ቧንቧ ቀዝቃዛ አየር ያገኛል፣ እውነት ነው። ግን አፉ መሬት ይቀርባል። የፊት ጎማ የሚያነሳውን አቧራ በሙሉ እሱ ነው የሚቀበለው። ክረምት ላይ ደግሞ ደቻቱ ወንዝ እንዴት ሳይታሰብ እንደሚሞላ የድሬ ሰው አይነገረውም። ፊልትሮው ውሃ ውስጥ ከገባ ሞተሩ ውሃ ይጠጣል። ውሃ እንደ አየር አይታመቅምና ቢየላው (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ይጣመማል።

ስለዚህ የኔ ምርጫ ጠፍጣፋው ነው። ኦርጅናሉን ሳጥን አትጣሉ! ቶዮታ መሐንዲሶቹን ደመወዝ የከፈለው በከንቱ አይደለም።

3. ከምን ተሠራ?

ወረቀት፣ ዘይት የተቀባ ጥጥ፣ ዘይት የተቀባ ስፖንጅ፣ ወይም ዘይት የማይፈልግ ሰው ሠራሽ ጨርቅ። ስፖንጁን እርሱት፤ ሙቀት ይፈረፍረዋል። ቀሪዎቹ መሀል ስትመርጡ ሻጩ የሚያወራው ስለ «አየር ማሳለፍ» ብቻ ነው። እናንተ አቧራ ስለ ማስቀረቱ ጠይቁ።

ካርቶኑ ላይ አይኤስኦ 5011 በሚባለው ፈተና የተገኘ የማጣራት አቅም ከተጻፈ ቁጥሩን በደንብ እዩት። አንዱ 99 በመቶ፣ ሌላው 97 በመቶ ቢል ልዩነቱ ሁለት ብቻ ይመስላል። እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። አሁን ገልብጣችሁ አንብቡት። ከ100 ግራም አቧራ የመጀመሪያው 1 ግራም ያሳልፋል፣ ሁለተኛው 3 ግራም። ሞተራችሁ ሦስት እጥፍ አቧራ በላ ማለት ነው። አስፋልት ላይ ብቻ ለሚነዳ ሰው ይህ ላያስጨንቅ ይችላል። በመልካ ጀብዱ በኩል ወጣ ለሚል፣ የደቻቱን አሸዋ ለሚያቋርጥ ግን ያስጨንቃል። የአሸዋው ኳርትዝ ከሲሊንደሩ ብረት ይጠነክራል። በጣም የሚጎዳው ደግሞ በዓይን የማይታየው ደቃቁ ነው። ፋሻና (የፒስተኑ ቀለበት) ሲሊንደር መሀል ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል።

ቀዩ እንጉዳዬ ላይ ምንም ቁጥር አልነበረም። ስሙ ትልቅ፣ ዋጋው ትንሽ ነበር፤ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ትክክለኛው የጥጥ ፊልትሮ ላይ ቀዩ ቀለም የዘይቱ ነው፤ ዘይቱ የት እንደደረሰ እንዲታይ ነው የሚቀላው። የኔው ግን ጨርቁ ራሱ ቀይ የተነከረ ነበር። ዘይት የሚባል አልነካውም።

ለድሬ ሰው ምርጫዬ፦ ጥሩ የወረቀት፣ ወይም ዘይት የማይፈልገው ደረቅ ጨርቅ። ጥጡን የምትፈልጉ ከሆነ ቀጥሎ ያለውን ሳታነቡ አትግዙ።

4. መግጠምና መፈተሽ

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። የዓለም ምርጥ ፊልትሮ ይሁን፣ በጠርዙ በኩል ፀጉር የምታህል ክፍተት ካለች አቧራው ፊልትሮውን ትቶ በዚያ ያልፋል። አየር እንደ ውሃ ነው፤ የሚቀለው ጋ ይሄዳል።

ዘይት መብላቱ ሲብስ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ወሰድኩት። ወጣትነታቸውን ምድር ባቡር ወርክሾፕ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ኮፈኑን ከፍተው ቀዩን ነገር አዩና፣ «አንተ ልጅ፣ ፊልትሮ ነው ወይስ ወንፊት የገጠምከው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ የስፖርት ነው» አልኩ። መልስ አልሰጡኝም። ፋሸታውን (የቧንቧውን ማሰሪያ) በካቻቢቴ አላልተው ቧንቧውን ነቀሉ፣ አመልካች ጣታቸውን ከፊልትሮው በስተኋላ ባለው በኩል አስገብተው ዞር አደረጉ። ከዚያ ጣታቸውን ነጩ ቲሸርቴ ላይ ጠረጉት። ደረቴ ላይ አንድ ቡናማ መስመር ቀረ። «ይኸው፣ ደቻቱን እያጋትከው ነው እኮ።»

ሴሊካ አሮጌ ከሆነ ዘይት ይበላል ብዬ በሞዴሉ ላይ ሳላክክ ነበር። ሞተሩ ሲወርድ ሲሊንደሩ ላይ ያሉት ቁመታም ጭረቶች በጥፍር ይዳሰሱ ነበር።

እሳቸው ያስተማሩኝ ፍተሻ ይኸው። አዲሱን ፊልትሮ ከመግጠማችሁ በፊት ከኋላው ያለውን ቧንቧ በንፁህ ጨርቅ ጥረጉ። የውስጥ ግድግዳው ላይ ግራሶ በጣም በስሱ ቀቡ፤ ብልጭ እስኪል ብቻ። የአየር መለኪያው ሴንሰር አጠገብ አታድርሱት! ግጠሙና አንድ ሳምንት ንዱ፣ ቢቻል ኮረኮንችም ይኑርበት። ከዚያ ከፍታችሁ በነጭ ሶፍት ጥረጉት። ግራሶው እንደ ነበረ ከሆነ ሰላም ነው። በጣት ስትፈትጉት አሸዋ አሸዋ ካላችሁ፣ ወይ ፊልትሮው ያሳልፋል ወይ ጠርዙ አልገጠመም።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የሳጥኑን ከንፈር እዩ። ፊልትሮው የሚያርፍበት ላይ አንድ ቦታ የአቧራ ጭረት ካለ ማምለጫው እዚያ ነው። ብዙ ጊዜ የፊልትሮው ጠርዝ ጎማ በአንድ ሚሊ ሜትር ቀጥኖ፣ ወይም የሳጥኑ አንዱ ክሊፕ ተሰብሮ በሽቦ ታስሮ ነው። ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ጎን ለጎን አድርጉ፣ ርዝመትና ወርድ ብቻ ሳይሆን የጎማውን ውፍረትም ለኩ። «ይገባል፣ ትንሽ ተጫነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

5. አያያዝ

የወረቀት ፊልትሮ አይታጠብም። ጎሚስታ ጋ ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት የለመደብን ነገር ነው፣ ግን ግፊቱ ወረቀቱን በጥቃቅኑ ይበሳዋል። በስልክ መብራት ከውስጥ አብርታችሁ ብታዩ ከዋክብት ይታያችኋል። ደግሞም ትንሽ አቧራ የያዘ ፊልትሮ ከአዲሱ የበለጠ ያጣራል፤ በየሳምንቱ ማራገፍ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ከባድ ሲሆን፣ ሲጠቁር ቀይሩት።

ጥጡን የመረጣችሁ፣ እኔ ያደረግኩትን አታድርጉ። አንድ የጥጥ ፊልትሮዬን በቤንዚን አጠብኩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ ከዚያ የሞተር ዘይት አፈሰስኩበት። በሁለተኛው ቀን ሞተሩ ቁጭ ቁጭ ማለት ጀመረ፣ የቼክ ኢንጂን መብራት በራ። ዘይቱ ተስቦ የአየር መለኪያውን ሴንሰር ቀጭን ሽቦ ሸፍኖት ነበር። ያ ሽቦ በሙቀት ነው የሚለካው፤ ዘይትና አቧራ ሲለብስ ለኮምፒውተሩ ውሸት ይነግረዋል። የሚጸዳው ለሱ ብቻ በተሠራ እስፕሬይ ነው። በጣት አይነካም፣ በካርቡሬተር ማጽጃም አይነፋም።

ትክክለኛው፦ የራሱ ማጠቢያ፣ ለስለስ ያለ ውሃ ከንፁሁ ወደ ቆሻሻው ጎን፣ ጥላ ላይ ሙሉ በሙሉ ማድረቅ፣ ከዚያ የራሱን ዘይት በየእጥፋቱ በስሱ። ቀለሙ እኩል እስኪዳረስ ጠብቁ፤ ነጭ የቀረበት ካለ ጨምሩ፣ የሚንጠባጠብ ካለ በዝቷል።

መጨረሻ ላይ የሳጥኑ ክዳን ውስጥ የቀየራችሁበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በማርከር ጻፉ። የኔው ክዳን ላይ አሁን አራት ቀን አለ፣ ሁሉም በሽማግሌው መካኒክ የእጅ ጽሑፍ። ማርከሩን ለኔ አይሰጡኝም።