ራም በተጻፈበት ፍጥነት እንዲሠራ እንዴት ማድረግ ይቻላል?

3200 የሚል የፍጥነት ቁጥር ያለበት ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ገዝተው ኮምፒውተርዎ ላይ ከገጠሙ በኋላ በ2133 ወይም በ2400 ብቻ ሲሠራ ቢያገኙት፣ ራሙ ተበላሽቷል ወይም ሻጩ አታሎኛል ብለው አይደምድሙ። ማሸጊያው ላይ የሚታተመው ቁጥር አምራቹ ፈትሾ ያረጋገጠው ከፍተኛ ፍጥነት ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚጀምረው ግን በየትኛውም ተስማሚ ማዘርቦርድ ላይ ያለ ችግር እንዲሠራ በተመደበ ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። ከፍተኛው ፍጥነትና የሚጠይቀው ቮልቴጅ ራሙ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ ተመዝግበው ይቀመጣሉ፤ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ተገብቶ ካልበሩ በስተቀር ግን ሥራ ላይ አይውሉም።

በመጀመሪያ አሁን ያለበትን ፍጥነት ይመልከቱ። በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ ከዚያ ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ሜሞሪን ሲመርጡ ፍጥነቱ ከታች ይታያል። ሲፒዩ-ዚ የተባለውን ፕሮግራም የሚጠቀሙ ከሆነ ለ3200 ራም የሚያሳየው 1600 ስለሆነ አይደንግጡ፤ ይህ ራም በአንድ ምት ሁለት ጊዜ መረጃ ስለሚያስተላልፍ ያዩትን ቁጥር በሁለት ማባዛት ይበቃል። ማሸጊያው ከጠፋ ደግሞ ራሙ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያንብቡ። በአንዳንዱ ላይ ፒሲ4-25600 የሚል ጽሑፍ ብቻ ያገኛሉ፤ 25600ን ለ8 ሲያካፍሉት 3200 ይመጣል።

ቀጥሎ ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ እስከ ምን ድረስ እንደሚፈቅዱ ያረጋግጡ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ይህን ስለሚዘለው ነው። ኤች310፣ ቢ360፣ ኤች410 እና ቢ460 የተባሉት የኢንቴል ቺፕሴቶች (የማዘርቦርዱን አቅም የሚወስኑ ዋና ቺፖች) ያለባቸው ማዘርቦርዶች በፕሮሰሰሩ ዓይነት እየተወሰኑ ከ2400 እስከ 2933 ባለው ላይ ይቆማሉ፤ ስለዚህ 3600 ራም ቢገጥሙባቸውም ለውጥ አያገኙም። ከቢ560 ወዲህ ያሉት የቢ ቺፕሴቶች፣ እንዲሁም የኤኤምዲ ቢ450 እና ቢ550 ከዚህ በላይ ይፈቅዳሉ። በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ባዮስ ውስጥ ግን ምርጫው ከነጭራሹ ስለማይኖር ነገሩን እዚያው ላይ መተው ይሻላል። ፍጥነታቸው የተለያየ ሁለት ራሞች ከተገጠሙም ሁለቱም በዝግተኛው ልክ ይሠራሉ።

ሦስተኛው ሥራ አቀማመጡን ማየት ነው። ማዘርቦርዱ አራት ስሎት (የራም መሰኪያ) ኖሮት ራሞቹ ሁለት ከሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛው ቦታ ከፕሮሰሰሩ ተነሥተው ሲቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ነው። ገመዱን ከነቀሉና የማብሪያውን ቁልፍ ተጭነው የቀረውን ኤሌክትሪክ ካወጡ በኋላ፣ መያዣው ቀጭ ብሎ እስኪዘጋ ድረስ ራሙን በሁለቱም ጫፍ እኩል ይጫኑት።

አሁን ወደ ባዮስ ይግቡ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዲሊት ወይም ኤፍ2 ደጋግመው ይጫኑ። ሆኖም ዲስክዎ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ፣ ባዮስ ላይ የሚደረግ ለውጥ ባለ 48 አኃዙን የመክፈቻ ቁጥር ሊያስጠይቅ ስለሚችል አስቀድመው ወረቀት ላይ ይጻፉት። የሚፈልጉት ምርጫ በኢንቴል ማዘርቦርድ ላይ ኤክስኤምፒ ይባላል፤ ዲዲአር5 (አዲሱን የራም ትውልድ) በሚቀበሉ የኤኤምዲ ማዘርቦርዶች ላይ ኤክስፖ፣ ዲዲአር4 (የቀደመውን ትውልድ) በሚቀበሉ የአሱስ ኤኤምዲ ቦርዶች ላይ ደግሞ ዲኦሲፒ ተብሎ ይገኛል። ፕሮፋይል 1ን ይምረጡ። ፍጥነቱ ከተጻፈው ጋር መግጠሙን፣ ቮልቴጁም ራሙ ላይ እንደተመለከተው መሆኑን አይተው (ለአብዛኛው 3200 እና 3600 ዲዲአር4 1.35 ነው) በኤፍ10 መዝግበው ይውጡ።

ከዚህ በኋላ ስክሪኑ ሊጨልም፣ ኮምፒውተሩም ራሱን ሊያጠፋና ሊያበራ ይችላል። ማዘርቦርዱ ራሙን ከአዲሱ ፍጥነት ጋር እያላመደው ነው፤ በዲዲአር5 ላይ ይህ የመጀመሪያ ልክክ ብዙ ደቂቃ ሊወስድ ስለሚችል ተቸኩሎ ማጥፋት አይገባም። በዚህ መሐል መብራት ቢጠፋ ልክኩ እንደገና ይጀምራል እንጂ ማዘርቦርዱ አይጎዳም። ባዮሱን ራሱን አፕዴት ሲያደርጉ መብራት ቢሄድ ግን ማዘርቦርዱ ጨርሶ ላይነሣ ስለሚችል፣ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ባይሞከር እመርጣለሁ።

ኮምፒውተሩ ካልተነሣ ብዙዎቹ ማዘርቦርዶች ጥቂት ጊዜ ሞክረው በራሳቸው ወደ መነሻው ፍጥነት ይመለሳሉ። ካልተመለሰ ገመዱን ነቅለው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሲአር2032 የምትባለዋን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ያውጡ። ከዚያ ፕሮፋይሉን መልሰው ካበሩ በኋላ ፍጥነቱን ብቻ አንድ ደረጃ ዝቅ ያድርጉት፤ ለምሳሌ 3600 የነበረውን ወደ 3400። ቮልቴጅን በግምት መጨመር አልመክርም። አራት ራም ከተገጠመ ሁለቱን አውጥቶ መሞከርም ተገቢ ነው፤ ለራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ኤኤምዲ ራሱ ዋስትና የሰጠው በሁለት ራም እስከ 5200፣ በአራት ራም ግን እስከ 3600 ብቻ ነው።

ዊንዶውስ ተከፍቶ ታስክ ማናጀር አዲሱን ቁጥር ቢያሳይም ሥራው ገና አላለቀም። ስሕተት የሚፈጥር ራም ሁልጊዜ ኮምፒውተሩን አያጠፋም፤ አንዳንዴ የሚቀዱትን ፋይል በዝምታ ያበላሻል። ስለዚህ ሜምቴስት86 የተባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭነው ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ያስነሡና አራቱን ዙር እስኪጨርስ ይተዉት፤ ብዙ ሰዓት ስለሚወስድ ማታ ማስጀመር ይመቻል። አንድ ስሕተት እንኳ ቢመዘገብ ወደ ባዮስ ተመልሰው ፍጥነቱን ሌላ ደረጃ ዝቅ አድርገው ፈተናውን ከመጀመሪያው ይድገሙት።