ለስስና ለጠንካራ ቢላ የሚሆን ብረት አመራረጥ

ስስ ሆኖ ብዙ የሚያገለግል ቢላ ለመሥራት የሚነሣ ሰው የብረቱን ጠጣርነት ብቻ ማየት አይበቃውም፤ እጅግ የጠጠረ ብረት ስለቱን ረጅም ጊዜ ቢይዝም ሲሳሳ እንደ ሸክላ ይሸረፋል፣ የለሰለሰው ደግሞ ይጎብጣል። የግንባታ ብረት የሆነው ፌሮ ደግሞ ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ ግሎ ቢነከርም የሚፈለገውን ጠጣርነት አያገኝም።

ወደ ጅቡቲ የሚወርዱት ከባድ መኪኖች በሚያልፉባት በኮምቦልቻ ለሚሠራ ሰው ቅርቡና በእኔ ግምት ተመራጩ የመኪና ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ብዙውን ጊዜ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለው ሲሆን፣ እንደ አምራቹ ክሮሚየም ወይም ሲሊከንና ማንጋኒዝ ይጨመርበታል፤ የተሠራውም ጎብጦ እንዲመለስ ስለሆነ ሥጋ ሲበለት አጥንት ቢነካ በቀላሉ አይሸረፍም። ነገር ግን ያገለገለ ባሌስትራ ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ስለሚችል፣ አጽድቶ ላምባ ውስጥ ማሳደር፣ በደንብ ጠርጎ የጠመኔ ዱቄት መነስነስ ያስፈልጋል፤ ስንጥቅ ካለ የሰረገው ላምባ ወጥቶ በጠመኔው ላይ መስመር ያሳያል፤ ያ ክፍል ተቆርጦ ይጣላል።

ስለቱ ከዚህም ይበልጥ እንዲሳሳ የሚፈልግ የኩሽኔታ ቀለበት ይምረጥ። ይህ ብረት በአብዛኛው 1 በመቶ ካርቦንና 1.5 በመቶ ክሮሚየም ሲኖረው፣ ቅንጣቱ ደቃቅ ስለሆነ ስለት በደንብ ይይዛል፤ ለመቀጥቀጥ ግን አስቸጋሪ ነውና ለጀማሪ አልመክረውም። ሞረድም ካርቦኑ ብዙ ነው፤ ሆኖም አንዳንዱ የጠጠረው ላይ ላዩን ብቻ ስለሆነ ጫፉን ሰብሮ ውስጡን ሞላ (የሚሽከረከር መሳያ ድንጋይ) ላይ በማስነካት ብልጭታውን አይቶ መፈተን ይገባል፤ ካርቦን የበዛበት ብረት ብልጭታው አጭርና በብዛት የሚፈነዳ ሲሆን፣ የለስላሳው ረጅምና ቀጥ ያለ ነው።

የተመረጠው ብረት ስለቱ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት እንዲቀረው ሆኖ ይቀረጻል፤ ከመጋሉ በፊት ከዚህ ይበልጥ ከሳሳ በእሳት ይጣመማልና። ማግኔት መያዝ ካቆመ በኋላ ጥቂት ጨምሮ በማጋል፣ ሞቅ ባለ ዘይት ውስጥ ጫፉን ወደ ታች አድርጎ ቀጥ ብሎ ይነከራል። ወዲያው በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ለሁለት ሰዓት፣ ይለዝባል፤ የጸዳው ገጽ የገለባ ቀለም ማውጣቱ መድረሱን ያሳያል። የመጨረሻው ማሳሳት የሚደረገው ከዚህ በኋላ ነው፤ በሞላው ላይ ቶሎ ቶሎ ውሃ እየነከሩ መሥራት የሚገባውም ስለቱ ሰማያዊ ከሆነ ጠጣርነቱ ስለሚለቅና እንደገና ከማጋል ውጭ ሌላ መፍትሔ ስለሌለው ነው።