አዲሱ ውሻ እስኪጮህ፦ የመንጋ ጠባቂ ውሻን እስከ ዕድሜው መጨረሻ ማኖር

ባለፈው ጥቅምት አንድ ትልቅ ነጭ ውሻ ተቀበልን። ዕድሜው ሰባት ዓመት ገደማ ነው፤ 47 ኪሎ ይመዝናል። ከመኪና አልወርድም አለ። ለመኑት፣ ሥጋ አሳዩት፣ እንቢ። የግቢውን በር ዘጋሁና ሁለት አሮጌ ፍየሎች ከሽቦው ማዶ አመጣሁ። ከዚያ ሁላችንም ዞር አልንለት። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ስንመለስ ወርዶ አጥሩ ሥር ተጋድሟል። ፍየሎቹን አያይም። ጀርባውን ለእነሱ ሰጥቶ ሜዳውን ነበር የሚያየው። ሥራውን አልረሳም ማለት ነው።

የምኖረው ዳላስ፣ ቴክሳስ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ አረጋውያንን እንከባከባለሁ። ቅዳሜና እሁድ ግን ከከተማው አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ የእርሻ እንስሳት መጠለያ ነኝ። ስድስት ዓመት ሆነኝ። እዚያ ያሉት በጎች፣ ፍየሎች፣ አሳማዎችና ዶሮዎች አይታረዱም፣ አይሸጡም። እስኪሞቱ ድረስ ቤታቸው ነው። የሰባቱ ውሾችም እንደዚያው። ውሾቹን ለእኔ የሰጡኝ መንዝ በግ ስጠብቅ እንዳደግሁ ስለነገርኳቸው ነው።

መቻል የሚባል ውሻ ነበረን፣ የአባቴ። ጅብ ሲመጣ ከበጎቹ ጋጣ ደጃፍ ንቅንቅ አይልም ነበር። ሲያረጅ ጥርሱ አለቀ፣ ጆሮው ደከመ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የለም። የት ሄደ ብዬ ብጠይቅ የመለሰልኝ ሰው አልነበረም። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለሰውም እህል ያልበቃበት ዓመት ነበር። ያ ዝምታ ግን እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም። አሁን የማውቃቸው ሁለት ሦስት ቤተሰቦች ከከተማ ወጣ ብለው መሬት ገዝተው ፍየል ማርባት ጀምረዋል። ያረጀ ወይም የተጣለ ጠባቂ ውሻ እንውሰድ ወይ እያሉ ይጠይቁኛል። ለእነሱ የምነግራቸውን ነው የምጽፈው።

ከምን የመጡ ናቸው

እኛ ጋ ያሉት አብዛኞቹ ግሬት ፒረኒስ ናቸው። ዘራቸው በፈረንሳይና በስፔን መካከል ካለው ተራራ ነው። ሁለቱ ደግሞ የቱርኩ አናቶሊያን ክልስ ናቸው። እነዚህ ውሾች መንጋ አይነዱም። ከመንጋው ጋር ይኖራሉ፣ ጠላት ሲመጣ በመሃል ይቆማሉ። አሜሪካ ውስጥ የተስፋፉት በቅርብ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በፌዴራል መንግሥት መሬት ላይ አዳኝ አውሬን በመርዝ መግደል ሲከለከል፣ በግ አርቢዎች ከኮዮት (ቀበሮ ከሚመስለው የአሜሪካ የዱር አውሬ) የሚከላከሉበት ሌላ መንገድ ይፈልጉ ጀመር። የጥንቱን የእረኛ ውሻ ያስታወሱት ያኔ ነው። ቴክሳስ በበግና በፍየል ብዛት ከአገሪቱ አንደኛ ስለሆነች እነዚህ ውሾችም እዚህ ብዙ ናቸው። የሚጣሉትም ብዙ ናቸው።

የሚጣሉበት ምክንያት ሁሌም ተመሳሳይ ነው። ሌሊት ይጮሃል። አጥር ይዘላል። ቡችላ ሳለ ዶሮ ገደለ። መንጋው ተሸጠ፣ ውሻው ቀረ። ወይም ነጭ ድብ መስሎ ያማረው ሰው አፓርታማ ውስጥ ሊያሳድገው ሞከረ። እስቲ አስቡት። ጩኸቱና አጥር ዙሪያ መዞሩ ለብዙ ዘመን የተመረጠበት ሙያው ነው። እናንተ ጋ ሲመጣ ከዚህ ልታስተዉት አትሞክሩ። ጠብቅ ብላችሁም አታስገድዱት። ቢሠራም ባይሠራም እንጀራው አይቋረጥም። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

ከመምጣቱ በፊት አጥሩ

በአጥር ጉዳይ ቸኩላችሁ ትጸጸታላችሁ። ለእነዚህ ውሾች ክልሉ ዓይናቸው እስከሚያይበት ድረስ ነው። ከፍታው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ፣ ቀዳዳው ጠባብ የሽቦ መረብ ይኑራችሁ። ሰፊ ቀዳዳ ከሆነ መዳፉን አስገብቶ እንደ መሰላል ይወጣበታል። ከሥር ደግሞ ግማሽ ሜትር የሚሆን ሽቦ በውሻው በኩል መሬት ላይ አጋድማችሁ በችካል ቸንክሩት። የሚቆፍር ውሻ የሚጀምረው ልክ ከአጥሩ ግርጌ ነው። ሽቦው ላይ ሲደርስ ይተዋል። ከላይ ከውስጥ በኩል አንድ መስመር የኤሌክትሪክ ሽቦ ካደረጋችሁ መዝለልም ይቀራል።

መግቢያው ሁለት በር ይኑረው፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው የማይከፈት። የመጀመሪያው ዓመት አንድ ውሻ ያመለጠን አጥር ዘሎ አይደለም። ድርቆሽ ያመጣ ሰው በሩን ለአንድ ደቂቃ ክፍት ትቶት ነው። በማግስቱ አራት ኪሎ ሜትር ርቆ በአንድ ሰው ላሞች መሃል ተኝቶ አገኘነው። የእኛ መሆኑ የታወቀው ማይክሮቺፕ፣ ማለትም ከቆዳው ሥር የተቀበረ፣ ሲነበብ ባለቤቱን የሚያስገኝ ትንሽ መለያ ስለነበረው ነው። እናንተም ቺፑን ዕለቱኑ አስነብቡ። ብዙ ጊዜ የተመዘገበው የድሮው ባለቤት ስልክ ነው፤ በራሳችሁ ስም አስቀይሩት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

አዲሱ ውሻ ለ14 ቀን ብቻውን ይቀመጥ፣ እንስሳቱን ግን ከሩቁ ይያቸው። በዚህ ጊዜ የእንስሳት ሐኪም ዓይነ ምድሩን ይመርምር፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይስጠው፣ ያልተኮላሸ ከሆነም ቀጠሮ ይያዝለት።

የልብ ትል ምርመራ የግድ ነው። ቴክሳስ ትንኝ የሞላባት አገር ናት፤ ትሉን የምታስተላልፈው ደግሞ ትንኝ ናት። ውጭ የሚያድር ውሻ በየወሩ መከላከያውን ካልወሰደ ማምለጥ ይከብደዋል። ዱክ የሚባለው አናቶሊያናችን ይዞት ነው የመጣው። ሕክምናው ረጅም ነው። መጀመሪያ የአንድ ወር እንክብል፣ ከዚያ ጀርባው ላይ መርፌ፣ ከወር በኋላ ደግሞ በተከታታይ ቀናት ሁለት መርፌ። ከሁሉም የሚከብደው ዕረፍቱ ነው። የሞተው ትል ተሰባብሮ ሳንባ ውስጥ ስለሚሄድ ውሻው መሮጥ የለበትም። ጠባቂ ውሻ ደግሞ ኮዮት ሲሰማ እንዴት አይሮጥም? ዱክን ያዳነው ጠባቡ ጋጣ የተሠራበት ቦታ ነው። መጀመሪያ ከመንጋው አርቀን ዘጋንበት፣ በሩን እየቧጨረ ጥፍሩን አደማ። ከፍየሎቹ ማደሪያ ጎን ስናዛውረው ግን አንገቱን በሽቦው ላይ አሳርፎ ተኛ። ይታዩታል፣ ይሸቱታል። በቃው።

ቀጥሎ ጥፍር። ይህን የሚነግራችሁ ሰው ጥቂት ነው። ግሬት ፒረኒስ በእያንዳንዱ የኋላ እግሩ ላይ ከመዳፉ ከፍ ብለው የሚንጠለጠሉ ሁለት ትርፍ ጣቶች አሉት። መሬት ስለማይነኩ ጥፍራቸው ተፍቆ አያጥርም። ዝም ብሎ ያድጋል፣ እንደ ቀለበት ይዞራል፣ በመጨረሻ ሥጋው ውስጥ ይገባል። ቤላ የምትባለው ውሻችን ስትመጣ አታነክስም ነበር። በፀጉሯ ተሸፍኖ ምንም አይታይም። ያወቅሁት ከመጥፎ ጠረኑ ነው። ፀጉሩን ስገልጥ ጥፍሩ ተጠምዝዞ ተቀርቅሯል፣ ዙሪያው መግል ይዟል። ስንት ወር እንዲህ እንደሄደች እግዜር ይወቅ። ሐኪሙ ሲያወጣላት እጄን ላሰችኝ። አሁን በየሦስት ሳምንቱ የሁሉንም እግር በጣቴ እዳስሳለሁ። እናንተም በዓይን አትመኑ፣ ዳስሱ።

ከዚህ በተረፈ በነዚህ ሁለት ሳምንታት ብዙ አትንኩት። ወንበር ይዛችሁ ግቡ፣ ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ፊት ለፊት አትዩት። እኔ ቡናዬን ይዤ እገባለሁ። ሲፈልግ ይመጣል።

ከመንጋው ጋር ማስተዋወቅ

ከ14ቱ ቀን በኋላ ወዲያው አይለቀቅም። ሁለት፣ ሦስት ሳምንት በአጥር ማዶና ማዶ ይኑሩ። ከዚያ በማሰሪያ ይዛችሁ አስገቡት። መጀመሪያ የምታገናኙት ከማይደነግጡና ከማይሮጡ አሮጌ በጎች ጋር ይሁን። የሚሮጥ በግ ውሻን ለማባረር ይጋብዛል። ዓይኑን ወደ ጎን ከመለሰ፣ መሬት ካሸተተ፣ ከተጋደመ ደህና ነው። ዓይኑን ተክሎ ከደረቀ ወይም አጎንብሶ ከተከተለ አውጡትና ሳምንት ጠብቁ።

ሁለት ዓመት ያልሞላው ውሻ አካሉ ይገዝፋል እንጂ ልጅ ነው። ይጫወታል፣ ጨዋታው ግን ጠቦት ሊገድል ይችላል። ሰው ሳያይ አትተዉት። ዶሮ የመጨረሻው ፈተና ነው፤ አንዳንዱ ውሻ ዕድሜ ልኩን አያልፈውም። ከእኛ ሰባት ውሾች ዶሮ ዘንድ የሚገቡት ሦስት ብቻ ናቸው። ለቀሩት አራቱ ተጨማሪ አጥር ሠራን፤ ጥፋታቸው አይደለም። አሳማን ደግሞ ለብቻው አድርጉ። አሳማ ውሻን እንደ አውሬ ነው የሚያየው፣ ከተናደደ ውሻውን ክፉኛ ይጎዳዋል።

ምግብና መርዝ

ፍየሎች የውሻ ምግብ ይወዳሉ። ሳህኑን ሜዳ ላይ ካስቀመጣችሁ ወይ ፍየል ይጨርሰዋል፣ ወይ ውሻው ሲከላከል ይነክሳል። ለእያንዳንዱ ውሻ በር ያለው ትንሽ ቦታ አዘጋጁና በልቶ እስኪጨርስ አጠገቡ ቁሙ። በቀን ሁለት ጊዜ ከፋፍላችሁ ስጡ። ደረታቸው ጥልቅ ስለሆነ ሆዳቸው በአየር ተነፍቶ ጨጓራቸው ሊጠመዘዝ ይችላል። ምልክቱ ይኸው፦ ማስታወክ ይሞክራል ግን ምንም አይወጣም፣ ሆዱ ይወጠራል፣ መቀመጥም መተኛትም ያቅተዋል። ይህን ካያችሁ እስከ ጠዋት አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፣ የሰዓታት ጉዳይ ነው።

በመጠለያ ሕይወት ግን ከሁሉም በላይ የምፈራው ሌላ ነው። እንስሶቻችን ያረጃሉ፤ ሥቃያቸው ሲበዛ ሐኪም በመርፌ እንዲያርፉ ያደርጋል። ያ መድኃኒት ከሞት በኋላም በሥጋው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ከዚያ ሬሳ የበላ ውሻ ራሱ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የሞተው በግ ለአንዲት ሌሊት እንኳ ሜዳ ላይ አይደር። በዚያው ቀን በጥልቅ ይቀበር ወይም ይወሰድ። እስከዚያ ውሾቹ ይዘጋባቸው። ውሾቹ በሩን ሲቧጭሩ ያሳዝናሉ። የእኛ ቤላ አብራት ስታድር የኖረችውን በግ ለሁለት ቀን ስትፈልጋት ነበር። እኛ ከዚያ ወዲህ ሬሳውን ውሻው ቀርቦ እንዲያሸተው ማሰሪያ ይዘን እናመጣዋለን። ካሸተተ በኋላ ፍለጋው ሲቀንስ አይቻለሁ።

ሌላው የከብት መኖ ነው። አንዳንዱ መኖ ሞነንሲን የሚባል መድኃኒት አለበት፣ ለውሻ መርዝ ነው። የከረጢቱን ጽሑፍ አንብቡ፣ ክዳን ባለው በርሜል አስቀምጡ።

ሙቀት

ቴክሳስ በበጋ ከ38 ዲግሪ በላይ ሲሆን ሰው ሁሉ ውሻው እንዲላጭ ይነግራችኋል። አትላጩት። ላይኛው ፀጉር ከፀሐይ ይከላከልለታል። በጸደይ የሚረግፈውን የውስጥ ፀጉር በማበጠሪያ አውጡለት፤ ከቤላ ብቻ አንድ ጆንያ ይወጣል። ጥላ፣ ብዙ ውኃና የሚቆፍርበት አፈር ይኑረው። ጉድጓዱን አትድፈኑበት፣ አፈሩ ቀዝቃዛ ነው። ቀን ሙሉ ቢተኛም ሰነፈ አትበሉ፤ ሌሊቱን ሲዞር ነው ያደረው።

ሲያረጅ

እንደዚህ የገዘፈ ውሻ ብዙ ጊዜ የሚኖረው ከ10 እስከ 12 ዓመት ነው። ዳሌው ሲደክም ይታወቃል፤ ለመነሳት የፊት እግሩን ብቻ ይጠቀማል። ከጋጣው ደጃፍ ደረጃ ካለ አንሱና መወጣጫ ጣውላ አድርጉ። ወፍራም ገለባ አንጥፉለት። ሲያመው ከቤት እንደ አድቪል ያለ የሰው ማስታገሻ አምጥታችሁ አትስጡ፣ ኩላሊቱንና ጨጓራውን ይጎዳዋል። ለውሻ የተሠራ ማስታገሻ አለ፣ ሐኪሙ ያዝላችኋል።

ጎልማሳ ውሾች ሽማግሌውን መግፋት ሲጀምሩም አስተውሉ። ያኔ ከእነሱ ለዩት፣ ከመንጋ ግን አትለዩት። ቤላ አሁን 11 ዓመቷ ነው። ከሦስት አሮጌ በጎች ጋር ትንሽ ሜዳ ሰጥተናታል። ኮዮት እንኳ ቢመጣ አትችልም፣ ጎኗ ባለው ሜዳ ዱክ አለላት። እሷ ግን ማታ ማታ አንዴ ዙሪያውን ሳትዞር አትተኛም። ዙሯ አሁን ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። አብሬያት እዞራለሁ።

ጩኸቱ

ጎረቤት ካላችሁ ውሻው ከመምጣቱ በፊት ሄዳችሁ ንገሯቸው። ሌሊት እንደሚጮህ፣ ለምን እንደሚጮህ፣ የእናንተን ስልክ። እኛ እንቁላል ይዘን ነበር የሄድነው። መንገድ ዳር ያለውን ሜዳ ማታ ማታ እናስለቅቃለን፣ መኪና ባለፈ ቁጥር እንዳይጮኹ። በጩኸት ጊዜ ኤሌክትሪክ የሚነዝር የአንገት ማሰሪያ ግን በፍጹም አታድርጉበት።

አዲስ ውሻ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ ዝም ነው የሚለው። የጥቅምቱም ውሻ እንዲሁ ነበር። ይበላል፣ ይተኛል፣ ድምፅ የለም። መንዝ «ውሻ በበላበት ይጮሃል» ይላሉ። እኔም እሱን ነበር የምጠብቀው። አምስተኛው ሳምንት ላይ እዚያው አደርኩ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የማላውቀው ወፍራም ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ጃኬት ደርቤ ወጣሁ። ፍየሎቹ ተጠጋግተው ተኝተዋል። እሱ አጥሩ ጥግ ቆሞ፣ ጅራቱን ወደ ላይ ቀልብሶ፣ ወደ ወንዙ ይጮሃል። ዱክ ከማዶ ይቀበለዋል። ቤላም ከገለባዋ ላይ ሳትነሳ አንዴ መለሰችለት።