ሚኒሞ አልይዝ ያለ ቱርቦ መኪና፦ ከየት ተጀምሮ ምን ይፈተሻል?

ትልቅ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ በግፊት የሚያስገባው) ገባ፣ ኢንጀክተሩ (ነዳጅ የሚረጨው) ተቀየረ፣ ብሎው ኦፍ ቫልቭም (ፔዳሉ ሲለቀቅ ቱርቦው የገፋውን ትርፍ አየር የሚለቀው) ተገጠመ። መኪናው መንገድ ላይ ይከንፋል፤ መብራት ይዞት ሲቆም ግን ሚኒሞ (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) አይዝም፤ ሞተሩ ይጠፋል፣ ወይም አርፒኤሙ (በደቂቃ የሚዞረው ዙር) ከ500 እስከ 1500 ይወጣል ይወርዳል። ብዙ ሰው ወዲያው ካቻቪቴ አንስቶ የትሮትሉን (ፔዳሉ የሚከፍተውን የአየር በር) ማቆሚያ ብሎን ያጠብቃል። ሞተሩ መጥፋቱን ያቆም ይሆናል፤ ችግሩ ግን ከነምክንያቱ ተቀምጧል፣ ሌላም ተጨምሮበታል።

ኮምፒውተሩ ሚኒሞን የሚቆጣጠረው ትሮትሉ መዘጋቱን ሲያውቅ ብቻ ነው። ብሎኑ ትሮትሉን ትንሽ ከፈት ካደረገው፣ የትሮትል ሴንሰሩ ቮልቴጅ ከፍ ይልና ኮምፒውተሩ እግር ፔዳሉ ላይ ያለ ይመስለዋል፤ የሚኒሞውን ሥራ ይተወዋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ብሎኑን ወደ ቦታው ይመልሱ። ቁልፍ ከፍተው ሞተር ሳያስነሱ ሴንሰሩን በቴስተር ይለኩ፤ በኬብል በሚሠሩት አብዛኞቹ መኪኖች ትሮትሉ ተዘግቶ ንባቡ 0.5 ቮልት አካባቢ ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ከመኪናው ማንዋል ይውሰዱ።

ቀጥሎ የሚጠየቀው መቼ እንደሚጠፋ ነው። ጋዝ ሰጥተው በድንገት ሲለቁ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብሎው ኦፍ ቫልቩ ነው። ፍሬን ሲረግጡ ከሆነ የፍሬን ሰርቮው ወይም ቱቦው አየር ያስገባል። የራዲያተር ፋን ወይም መብራት ሲበራ ከሆነ ቮልቴጅና የኢንጀክተር ሴቲንግ ይታያል። ሲሞቅ ብቻ ከሆነ ደግሞ የክራንክ ሴንሰሩን አይርሱ።

ብሎው ኦፍ ቫልቩ

ማፍ ሴንሰር (የሚገባውን አየር የሚለካ) ባላቸው መኪኖች (የሚትሱቢሺ 4ጂ63 ሞተር፣ የኒሳን ኤስአር20ዲኢቲ ሞተር፣ አብዛኞቹ ሱባሩ ደብልዩአርኤክስ) አየሩ የሚለካው ቱርቦው ጋር ሳይደርስ ነው። ኮምፒውተሩ ነዳጅ የሚያዘው በዚያ ልክ ነው። እግርዎን ከፔዳሉ ሲያነሱ ቫልቩ ተከፍቶ የተለካውን አየር ውጭ ከለቀቀው፣ ነዳጁ ይመጣል፣ አየሩ ግን የለም። ድብልቁ በነዳጅ ይታፈናል፣ አርፒኤሙ ወደ ሚኒሞ ሲወርድ ሳይቆም አልፎ ይጠፋል። ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስና የቤንዚን ሽታ ከመጣ ምልክቱ ይኸው ነው።

መፍትሔው የቫልቩን መውጫ በቱቦ ወደ አየር ማስገቢያው መመለስ ነው፤ ቱቦው የሚገባው በማፍ ሴንሰሩና በቱርቦው መካከል ነው። ድምፁን የሚወድ ሰው ይህን መስማት አይፈልግም። ያለ መመለሻ መኖር የሚቻለው ማፉን ከቫልቩ በኋላ፣ ትሮትሉ አጠገብ በማዛወር ወይም ኮምፒውተሩን በማፕ ሴንሰር (በማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን ግፊት በሚለካው) እንዲሠራ በማድረግ ነው። ሁለቱም ለኮምፒውተሩ አዲስ ማፕ (የነዳጅና የሌላ ትዕዛዝ ሠንጠረዥ፤ ከሴንሰሩ ጋር ስም ብቻ ነው የሚጋሩት) መጻፍ ይጠይቃሉ።

ሁለተኛው ጣጣ ስፕሪንጉ ነው። በጣም ከላላ፣ በሚኒሞ ያለው ቫኪዩም (የሞተሩ ስበት) ቫልቩን ከፍቶ ይይዘዋል፤ መውጫው ወደ ውጭ ከሆነ ያልተለካ አየር ይገባል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ቀጭን ወረቀት መውጫው ላይ ያስጠጉ፤ ወረቀቱን ከሳበው ስፕሪንጉን ያጥብቁ ወይም ይቀይሩ።

እዚህ ላይ ለአዲስ አበባ ነጂዎች አንድ ነገር፦ ከቫልቩ ጋር የሚመጣው የስፕሪንግ ሰንጠረዥ ብዙውን ጊዜ የተሠራው ለባሕር ጠለል ነው። እዚያ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ18 እስከ 20 ኢንች (የሜርኩሪ) ቫኪዩም ያሳያል። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ንባቡ በ1 ኢንች ገደማ ስለሚቀንስ፣ 2,300 ሜትር ላይ 11 ወይም 12 ኢንች ማየት ጤና ነው፤ ቫኪዩም ሊክ (አየር የሚያስገባ ቀዳዳ) ፍለጋ አያስኬድም። ሰንጠረዡ የሚያዘው ስፕሪንግ ግን ለዚህ ቫኪዩም ጠንካራ ይሆንና፣ ቫልቩ በጊዜ ሳይከፈት ቱርቦው ይንተፋተፋል። አንድ ደረጃ የላላ ይምረጡ።

የአየር ሊክ ፍተሻ

ከተሻሻሉ ቱርቦ መኪኖች የሚኒሞ ችግሮች ትልቁ ድርሻ የሊክ ነው። በቱርቦውና በትሮትሉ መካከል ያለ ቀዳዳ በግፊት ጊዜ አየር ያስወጣል፤ በሚኒሞ ጊዜ ደግሞ ያልተለካ አየር ይስባል። መኪናው ሲነዳ ነዳጅ በዝቶበት፣ ሲቆም ነዳጅ አንሶት የሚሠራው ለዚህ ነው። በዓይን አይገኝም፤ በግፊት መፈተሽ አለበት።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ጠፍቶ፣ ማርሹ ፍሪ ላይ ይሁን። ማፉን ከነፊልትሮው ይፍቱና ወደ ቱርቦው የሚገባውን ቱቦ በፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ክዳን ይዝጉት፤ ክዳኑ መሃል ላይ የጎማ መንፊያ ቫልቭ ይግጠሙና በፋሼታ ያጥብቁ። ከቴስታታው ክዳን ወደዚያው ቱቦ የሚመጣውን የጭስ መተንፈሻ ነቅለው ቀዳዳውን ይድፈኑ፤ ይህን ከረሱ ግፊቱ ወደ ሞተሩ ሆድ ገብቶ የዘይት ሲሎችን ሊያወጣ ይችላል። የዘይት መሙያውን ክዳንም ይክፈቱ። ከዚያ በኮምፕሬሰር (ጎሚስታ ቤት ያለው ይበቃል) ከ0.3 ባር ጀምረው ቀስ እያሉ እስከ 1 ባር ይስጡ። ፊትዎን ከክዳኑ ያርቁ፤ ሲፈናጠር እንደ ጥይት ነው።

የሳሙና ውሃ በየመጋጠሚያው ይርጩ። አረፋ የሚወጣባቸው የታወቁ ቦታዎች አሉ፦ የኢንተርኩለር ቱቦ መጋጠሚያዎች፣ የኢንጀክተር ኦሪንጎች (ኢንጀክተር በተቀየረበት ሞተር እነዚህን ሁለት ጊዜ ይዩ)፣ የአየር ማስገቢያ ማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን፣ የትሮትሉ ዘንግ ሲሎች። የኋለኞቹ በአሮጌ 4ጂ63 ላይ ያለቁ ሆነው ይገኛሉ። በዘይት መሙያው በኩል ትንሽ አየር መውጣቱ የፒስተን ቀለበት ነው፣ ደህና ነው፤ በኃይል ከነፈሰ ግን ፒሲቪ ቫልቩ (የሞተሩን ሆድ ጭስ ወደ ማኒፎልዱ የሚያሳልፈው) አልዘጋም። ካች ካን (የዘይት ጭስ ማጠራቀሚያ ጣሳ) ተገጥሞ የድሮው የቱቦ ቀዳዳ ሳይደፈን የቀረበት መኪናም ብዙ ነው።

ሞተሩ እየሠራ ካርቡሬተር ማጽጃ እየረጩ ሊክ መፈለግ የተለመደ ነው። በሙቀት ቀይ በሆነ የቱርቦ ማኒፎልድ (የጭስ መውጫው) አጠገብ ግን እሳት መጥራት ነው፤ አያድርጉት።

ነዳጁ

ሊክ ከሌለ ስካነር ይሰኩና የነዳጅ ማስተካከያ መቶኛውን (+ ሲሆን ኮምፒውተሩ ነዳጅ እየጨመረ ነው፣ − ሲሆን እየቀነሰ) ያንብቡ። በሚኒሞ +15 ሆኖ በ2,500 አርፒኤም ወደ ዜሮ ከተጠጋ፣ ያመለጠ ሊክ አለ፤ ፍተሻውን ይድገሙ። በሁለቱም ላይ ከፍተኛ ከሆነ የነዳጅ ግፊት ወይም የቆሸሸ ማፍ ነው። በሚኒሞ ብቻ ወደ −15 ከወረደ ደግሞ ነዳጅ በዝቷል ማለት ነው፣ ፖምፓውንና ኢንጀክተሩን ይጠርጥሩ። ከቱርቦ ማኒፎልዱ ስንጥቅ አየር ከገባ የኦክስጅን ሴንሰሩ “ነዳጅ አንሷል” ብሎ በሐሰት ይመሰክራል፤ ቁጥሩን ከማመንዎ በፊት ስንጥቅ ይፈልጉ።

በሰዓት 255 ሊትር የሚገፋ የነዳጅ ፖምፓ ከፋብሪካው ሬጉሌተር (የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያ) ጋር ሲጣመር፣ በሚኒሞ የሚመለሰውን ነዳጅ ሬጉሌተሩ ማሳለፍ ያቅተዋል። የቫኪዩም ቱቦውን ከሬጉሌተሩ ነቅለው ይድፈኑና በጌጅ ይለኩ፤ 3 ባር መሆን ሲገባው 4 ካነበበ መፍትሔው የሚስተካከል ሬጉሌተር ነው እንጂ ማፕ መቀነስ አይደለም።

ትልቅ ኢንጀክተር ላይ ሰዎች መጠኑን አስገብተው የመክፈቻ መዘግየቱን ይረሱታል። ኢንጀክተር ኤሌክትሪክ ካገኘ በኋላ እስኪከፈት 1 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል፤ በሚኒሞ ጠቅላላ ትዕዛዙ 2 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ታዲያ የ0.2 ስህተት ከነዳጁ 20 በመቶ ነው። በፍጥነት ጊዜ ትዕዛዙ 10 ሚሊ ሰከንድ ስለሚሆን ያው ስህተት አይታይም፤ “ሲነዳ ምንም የለውም” የሚባለው ከዚህ ነው። ቮልቴጅ ሲወርድ መዘግየቱ ይጨምራል። ፋን፣ የፊት መብራትና ኤሲ አንድ ላይ ሲያበሩ ዋይድባንዱ (የአየርና የነዳጅ ድብልቁን የሚያሳየው ጌጅ) ወደ ነዳጅ ማነስ ከሄደ፣ በማፑ ውስጥ ያለው የቮልቴጅ ሠንጠረዥ የፋብሪካው ኢንጀክተር ነው፤ ለአዲሱ የአምራቹን ቁጥር ያስገቡ። ዲናሞው 13.5 ቮልት እንደሚሰጥም ያረጋግጡ።

የሚኒሞ ቫልቩና የቀረው

ትሮትሉንና የሚኒሞ ቫልቩን (ትሮትሉ ሲዘጋ ለሞተሩ አየር የሚያሳልፈውን) መተላለፊያ ከጥላሸት ያጽዱ። በ4ጂ63 ላይ የቫልቩን ሞተር በኦም ይለኩ፤ ከ2ኛው ፒን ወደ 1ኛውና 3ኛው፣ ከ5ኛው ወደ 4ኛውና 6ኛው በ20 ዲግሪ ከ28 እስከ 33 ኦም መሆን አለበት። ሾርት የሆነ ቫልቭ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን መንጃ ያቃጥላል፤ ቫልቩ ሳይለካ ኮምፒውተር መቀየር አዲሱንም ማቃጠል ነው።

የካንዴላውን ክፍተት ለግፊት ብሎ ወደ 0.5 ሚሊሜትር ማጥበብ በሚኒሞ ያደናቅፋል፤ ቦቢናው ጤነኛ ከሆነ 0.7 ይበቃል። ትልቅ ካም (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተው ዘንግ) የገባበት ሞተር 750 ላይ አይቆምም፤ ከ950 እስከ 1,100 ይስጡት። ቀላል ፍላይዊል ከሆነ ፍሪሲዮን ሲረገጥ አርፒኤሙ እንደ ድንጋይ ስለሚወድቅ፣ በማፑ ውስጥ የሚኒሞ ቫልቩ ቀስ ብሎ እንዲዘጋ ይደረጋል።

አንድ ጥገና በተሠራ ቁጥር ባትሪውን ለ10 ደቂቃ ነቅለው ኮምፒውተሩ የተማረውን ያስረሱ። ሞተሩን ያሙቁ፣ ምንም ሳያበሩ 10 ደቂቃ በሚኒሞ ይተዉት፣ ከዚያ ኤሲ ከፍተው ሌላ 5 ደቂቃ። በመጨረሻ 3,000 ላይ አድርሰው ፔዳሉን በድንገት ይልቀቁ፤ አርፒኤሙ ከ700 በታች ሳይወርድ ከተመለሰ መኪናውን ማስረከብ ይቻላል።